አዲስ አኳሪየም ውስጥ ዓሣ የሚገድሉ የጀማሪ ስህተቶች

ዓሣ በገባ በሳምንቱ ሲሞት ጥፋቱ የሚለጠፈው በሻጩ ላይ ነው፤ «ድሮም የታመመ ነበር» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን ገዳዩ ውኃው ነው፤ ያውም ጥርት ብሎ እየታየ። ዓሣን የሚጨርሰው የአሞኒያ መጠን በዓይን አይታይም፣ ለአፍንጫም አይሸትም። ስለዚህ ከጌጣጌጡ ሁሉ በፊት መገዛት ያለበት የውኃ መመርመሪያ ነው እላለሁ።

ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን መግዛት

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል ያለማቋረጥ አሞኒያ ያስወጣል፤ ዓይነ ምድሩና የተረፈው ምግብ ሲበሰብሱም አሞኒያ ይሆናሉ። በሐይቅ ውስጥ ይህ መርዝ በብዙ ውኃ ይበረዛል። በገንዳ ውስጥ ግን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ናቸው፦ አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትራይትም ቢሆን የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ መርዝ ነው። ናይትሬት በብዛት ካልተጠራቀመ ያን ያህል አይጎዳም፤ ውኃ በተቀየረ ቁጥርም ይቀንሳል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ማጣሪያ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። በበቂ መጠን እስኪባዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ይፈጃሉ። በዚህ ጊዜ ማጣሪያው እየሠራ፣ ገንዳው ግን ዓሣ ሳይገባበት መቆየት አለበት። ባክቴሪያዎቹ ምግብ ስለሚያስፈልጋቸው በየጊዜው ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ፣ ወይም ሽቶም ሳሙናም ያልተቀላቀለበት አሞኒያ ይጨመርላቸዋል። ምርመራው አሞኒያና ናይትራይትን ዜሮ፣ ናይትሬትን ደግሞ ከፍ ብሎ ሲያሳይ ገንዳው ደርሷል፤ ያኔም ቢሆን ዓሦቹ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይግቡ። መቸኮል የግድ ከሆነ፣ ጤነኛ ዓሦች ካሉበት ገንዳ የተወሰደ ያገለገለ ስፖንጅ አዲሱ ማጣሪያ ውስጥ ማስገባት ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል።

የውኃው ፒኤችም (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ነገሩን ይለውጠዋል። የአሞኒያው መጠን ሳይጨምር ፒኤች ከ7 ወደ 8 ከፍ ቢል፣ መርዛማ የሆነው ድርሻ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። በአንዱ ገንዳ ያልገደለ መጠን በሌላው የሚገድለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ከልክ ያለፈ ጽዳት

ንጽሕና ወዳድ ሰው እዚህ ላይ ይጎዳል። ውኃውን በሙሉ ይደፋል፣ ጠጠሩን ይፈትጋል፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ ያጥባል። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ጀርም ገዳይ ክሎሪን በሳምንታት የተባዙትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ገንዳው እንደገና አዲስ ይሆናል። «ባጸዳሁት ማግስት ሞቱብኝ» የሚለው ስሞታ መነሻው ይኸው ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ከውኃው አንድ አራተኛ ያህሉን መቀየር ይበቃል። ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው ወደ ባልዲ በተቀዳው ውኃ ነው፤ እሱም መዘጋት ሲጀምር ብቻ። ማጣሪያውን «ድምፁ እንቅልፍ ይነሳል» ብሎ ማታ ማታ ማጥፋትም ባክቴሪያዎቹን ኦክስጅን ያሳጣቸዋል።

ክሎሪኑን ሳያስወግዱ ውኃ መጨመር

ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። በክፍት ዕቃ ለ24 ሰዓት፣ በተለይ በአየር ፓምፕ እየተናጠ ቢቀመጥ ይተናል። አንዳንድ የውኃ አገልግሎቶች የሚጠቀሙበት ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ክሎሪንንም ክሎራሚንንም የሚያከሽፍ የውኃ ማስተካከያ ጠብታ መጠቀም አስተማማኝ ነው።

በርኅራኄ ማጥገብ

ዓሣ ሰው በቀረበ ቁጥር የራበው ይመስላል፤ አይመኑት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የማይበላው ሁሉ ከታች ይበሰብሳል። ለጤነኛ አዋቂ ዓሣ አንድ ቀን መጾም ምንም አይደለም።

«ለጀማሪ ትንሿ ገንዳ ትሻላለች» ማለት

በተቃራኒው ነው። በጥቂት ውኃ ውስጥ መርዙ ቶሎ ይከማቻል፣ ሙቀቱም ከክፍሉ ጋር ይወጣል ይወርዳል። በክብ የብርጭቆ ሳህን የሚሸጠው ጎልድፊሽ እንክብካቤ ካገኘ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ሊያድግ፣ ከ10 ዓመት በላይም ሊኖር የሚችል ዓሣ ነው። ያቺን ሳህን ለዓሣ መሸጫ ያደረጋት ሰው ዓሣ የሚወድ አይመስለኝም። ጎልድፊሽን ቤታ ከተባለው የሞቃት ውኃ ዓሣ ጋር ማኖርም አይሆንም፦ ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ሲፈልግ ቤታ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሻል። ሁለት ወንድ ቤታዎች ደግሞ እርስ በርስ ይጋደላሉ።

ከከረጢቱ በቀጥታ መገልበጥ

ከረጢቱ ሙቀቱ እስኪመጣጠን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ ይንሳፈፍ፤ ከዚያ የገንዳው ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበት። ዓሣው በመረብ ይወጣና የከረጢቱ ውኃ ይደፋል።

ሳይመረምሩ መድኃኒት መጨመር

ዓሦቹ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አየር ሲጎርሱ ብዙ ሰው ወደ መድኃኒት ይሮጣል። የኦክስጅን እጥረት፣ አሞኒያ ወይም ናይትራይት ሊሆን ይችላል፤ ለነዚህ ደግሞ መድኃኒት አይረዳም፤ አንዳንድ አንቲባዮቲክ እንዲያውም የማጣሪያውን ባክቴሪያ ይገድላል። መጀመሪያ ውኃው ይመርመር፤ አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከተገኘ ግማሽ ያህሉ ሙቀቱ በተቀራረበና ክሎሪን በሌለው ውኃ ይተካ፤ የአየር ፓምፑም ይከፈት። ሰውነታቸው ላይ የጨው ቅንጣት የሚመስሉ ነጭ ነጠብጣቦች ከታዩ ግን ጥገኛ ተሕዋስ ነውና ሕክምና ያስፈልጋል። የሞተውን ዓሣ ሳይውል ሳያድር ያውጡት፤ በድኑም አሞኒያ ያመነጫል። ምትክ ለመግዛትም አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ እስኪሆኑ ይቆዩ።