ከመደበኛ ሥራ ጎን ልብ ወለድ መጻፍ፦ የአንቶኒ ትሮሎፕ ልማድ እንደ መመሪያ

ቀኑን ሙሉ በቢሮ ወይም በመማሪያ ክፍል የሚውል ሰው ልብ ወለድ ለመጻፍ ሲነሣ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ጊዜ ከየት እንደሚገኝ ነው። ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው መልስ ከሰጡ ደራስያን አንዱ እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ ነው። ትሮሎፕ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1815 ለንደን ውስጥ ተወለደ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1834 በፖስታ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ እስከ 1867 ድረስ አገለገለ፤ በ1882 ሲያርፍም 47 ልብ ወለዶችን ትቶ አለፈ። እንዴት ይሠራ እንደነበር ከሞቱ በኋላ በ1883 በታተመው ግለ ታሪኩ በዝርዝር አስፍሯል። ልማዱን የሚያነሡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚወስዱት ሰዓቱንና የቃል ቁጥሩን ብቻ ነው። እኔ ግን ሰዓቱ ፍሬ ያፈራው ትሮሎፕ ወረቀቱ ፊት ከመቀመጡ በፊት ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ይኖር ስለነበር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ የምጀምረው ከዚያው ነው።

ትሮሎፕ በሃሮው ትምህርት ቤት ሲማር ድሃና ብቸኛ ልጅ ነበር፤ እኩዮቹም በጨዋታቸው አያስገቡትም ነበር። በዚያ ጊዜ አንድን ታሪክ በሐሳቡ ይዞ ለሳምንታትና ለወራት ያለማቋረጥ መቀጠልን ለመደ። ለዚህ ሕልሙ ግን ጥብቅ ሕግ አውጥቶለት ነበር፤ ሊሆን የማይችል ነገር አይገባበትም፤ ትናንት የተወሰነውም ዛሬ አይፈርስም። ይህ ልማድ ለአእምሮ አደገኛ ሳይሆን እንዳልቀረ በኋላ ቢጽፍም፣ ያለ እርሱ አንድም ልብ ወለድ ይጽፍ እንደነበር ይጠራጠራል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ታሪክዎን ከመጻፍዎ በፊት በእግር በሚሄዱበት፣ ታክሲ በሚጠብቁበት ወይም ልብስ በሚያጥቡበት ጊዜ በሐሳብዎ ያኑሩት፤ አንድ ጊዜ ያጸደቁትንም ነገር ሲመችዎ አይለውጡት። የትሮሎፕ የመጀመሪያው ዝነኛ ልብ ወለድ የተፀነሰው በ1852 በጋ ለፖስታ ሥራ ሲዘዋወር ሶልስበሪ በተባለችው ከተማ በካቴድራሉ ዙሪያ ሲመላለስ በአንድ ምሽት ነው። የመጀመሪያውን መስመር የጻፈው ግን በ1853 ሲሆን መጽሐፉም በ1855 ታተመ። ሐሳብ በመጣ ማግስት ጽሑፍ ካልተጀመረ ይጠፋል ብለው አይስጉ፤ በዚያን ያህል ጊዜ የሚጠፋ ሐሳብ መጽሐፍ የመሸከም አቅም አልነበረውም።

በእነዚህ የሐሳብ ሰዓታት ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ጀማሪ ብዙ ነው። ትሮሎፕ ለታሪኩ ሴራ እምብዛም አይጨነቅም ነበር፤ ድካሙ ሁሉ ሰዎቹን ለማወቅ ነበር፤ ሲተኙም ሲነቁም አብረውት እንዲሆኑ፣ ጊዜ ሲያልፍም እንዲለወጡ ይፈልግ ነበር። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ቋንቋው ራሱ እጅግ ጥሩ መጠየቂያ ሰጥቶታል። ሁለት ሰዎች አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ደራሲው «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» እንደሚባባሉ መወሰን አለበት፤ ይህን ለመወሰን ደግሞ ዕድሜያቸውን፣ ዝምድናቸውን፣ ማን የማን ባለዕዳ እንደሆነና ማን ማንን እንደሚፈራ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ አንድ ወረቀት ይውሰዱና የገጸ ባሕርያትዎን ስም በላይና በጎን ጽፈው፣ እያንዳንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚጠራ ይሙሉ። ሙሽራዋ አማቷን «እትዬ» ትላለች ወይስ «እማማ»? የቤት ሠራተኛዋ የቤቱን ልጅ ሰው ፊት እንዴት ትጠራዋለች፣ ብቻቸውን ሲሆኑስ? አንድ ሰው ለዓመታት «እርስዎ» ሲለው የኖረውን አለቃውን ድንገት «አንተ» ያለበት ቀን ምን ሆኖ ነበር? መልስ ያልተገኘለት ሣጥን ካለ እነዚያን ሁለት ሰዎች ገና አላወቋቸውም ማለት ነው። አንዳንዱ ሣጥን ግን ሳይታሰብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይሰጣል።

ከገጸ ባሕርያት ጋር መኖር ምን ያህል እንደሚጠልቅ የሚያሳይ አንድ ነገር ትሮሎፕ ራሱ ተርኳል። አቴናኤም በተባለው የለንደን ክበብ ውስጥ ተቀምጦ ሲጽፍ፣ ሁለት ቀሳውስት አንዷን ገጸ ባሕርይ በየመጽሐፉ እየመለሰ እንዳሰለቻቸው ሲነጋገሩ ሰማ። ወደ እነርሱ ቀርቦ ሳምንቱ ሳያልቅ እንደሚገድላት ነገራቸው፤ እንዳለውም አደረገ። በኋላ ግን ተጸጸተ፤ መንፈሷ ከእርሱ እንዳልተለየም ጻፈ። በመሰለኝ በሚሰጥ የአንባቢ አስተያየት ገጸ ባሕርይ ከመጣልዎ በፊት ይህን ያስቡበት።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንሂድ። ትሮሎፕ ዋልተም ክሮስ በተባለ ስፍራ በሚኖርበት ጊዜ አንድ አረጋዊ የፈረስ ባልደራስ ነበረው፤ ለዚህ ሰው በዓመት አምስት ፓውንድ ጨምሮ እየከፈለ በቡና እንዲቀሰቅሰው ያደርግ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጽሑፉ ፊት ይቀመጥና ሦስት ሰዓት ሠርቶ ከዚያ ወደ ቁርሱ ይሄድ ነበር። ለስኬቱ ከማንም ይልቅ የዚያ ሰው ውለታ እንዳለበትም መስክሯል። ቀስቃሽ ቀጥሮ ማቆየት ለአብዛኞቻችን ባይቻልም፣ የሚጽፉበትን ሰዓት ለቤተሰብዎ በግልጽ መናገርና ከመካከላቸው አንድ ሰው እንዲጠይቅዎ ማድረግ ግን ይቻላል። ትራንስፖርት ለመያዝ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ከቤት የሚወጣ የአዲስ አበባ ሠራተኛ ሦስት ሰዓት ከየትም አያመጣም፤ በአንድ ሰዓት ይጀምር። ያም ካልተገኘ ትሮሎፕ ባቡር ውስጥ በእርሳስ ይጽፍ እንደነበርና ሚስቱ ሮዝ ገልብጣ ትጽፍለት እንደነበር ያስታውሱ፤ ዛሬ በአውቶብስ ውስጥ ስልክ ላይ የሚጻፍ ገጽ ከዚያ አይለይም።

ከሦስቱ ሰዓት የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚውለው የትናንቱን ጽሑፍ እያነበቡ የቃላቱን ድምፅ በጆሮ በመመዘን ነበር። ይህን ክፍል አይዝለሉት። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ዓይን ሳይሰናከል የሚያልፈው ረጅም ዓረፍተ ነገር ጮክ ተብሎ ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ባለቤቱና ግሱ መራራቃቸው የሚታወቀውም ያኔ ነው። በዚህ ጊዜ ስሕተቱን ምልክት ያድርጉበት እንጂ እንደገና መጻፍ አይጀምሩ፤ የዕለቱ ሰዓት በትናንቱ ገጽ ያልቃልና።

ቀሪው ጊዜ በሰዓት የተለካ ነው። ትሮሎፕ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት እንዲጽፍ ራሱን አስለምዷል። ይህ ቁጥር የእርሱ ነው፤ አማርኛ ባለቤትንና ተሳቢን በአንድ ግስ ስለሚያጣምር ያው ሐሳብ በአነስተኛ የቃላት ቁጥር ይጠናቀቃል። በቀን 300 ቃላት፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚጽፍ ሰው በ40 ሳምንታት 60,000 ቃላት ይኖሩታል፤ ይህም ለአንድ ልብ ወለድ በቂ ረቂቅ ነው።

ቁጥሩን የሚጠብቀው ግን መዝገቡ ነው። ትሮሎፕ ማንኛውንም መጽሐፍ ሲጀምር በሳምንታት የተከፈለ ማስታወሻ ያዘጋጅና በየቀኑ የጻፈውን ገጽ ይመዘግብ ነበር። አማካዩ በሳምንት 40 ገጽ ሲሆን፣ እስከ 20 የወረደበትና 112 የደረሰበት ጊዜም አለ፤ የገጹም ልክ 250 ቃላት ነበር። በ1858 ለፖስታ ጉዳይ ወደ ግብፅ ሲላክ በመርከቡ ላይ ባሕሩ እያመመው፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ለማስመለስ እየሮጠ የዕለቱን ገጾች ሞልቷል። እዚህ ላይ እርሱን መከተል ግዴታ አይመስለኝም። የለቅሶ፣ የሕመም ወይም የፈተና ሳምንት ሲመጣ ዜሮ ብለው ይጻፉ፤ ዕዳውን ግን ወደሚቀጥለው ሳምንት አያስተላልፉ፤ የተጠራቀመ ዕዳ ብዙ ጀማሪዎችን ከመዝገቡም ከመጽሐፉም ያሸሻል።

ብዙዎች ዛሬ ልብ ወለዳቸውን በቴሌግራም በክፍል በክፍል ያወጣሉ። ትሮሎፕም በ1860 አንድ ልብ ወለዱን ሳይጨርስ በመጽሔት ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ ሆኖም ደራሲ መጀመሪያውን ከመጨረሻው ጋር የማስማማት ሥልጣኑን በእጁ ማቆየት እንዳለበት አጥብቆ ያምን ነበር። እኔም የምመክረው ረቂቁ ሳያልቅ የመጀመሪያው ክፍል እንዳይወጣ ነው። በምዕራፍ ሃያ የታወቀ የአባት ምስጢር በምዕራፍ ሁለት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊጠይቅ ይችላል፤ ያ ምዕራፍ ግን ቀድሞ በሺህ ሰዎች ከተነበበ እርማቱ አብዛኞቹን አይደርስም።

ትሮሎፕ ፈጥኖ ቢጽፍም እያንዳንዱን ሥራ ቢያንስ አራት ጊዜ፣ ሦስቱን በእጅ ጽሑፍ አንዱን በኅትመት፣ ያነብ ነበር። ለአማርኛ ረቂቅ ከእነዚህ ንባቦች አንዱን ለፊደል ብቻ ይመድቡ፤ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» እና «ሰ፣ ሠ» የት እንደሚገቡ በአንድ ገጽ ላይ ወስነው እስከ መጨረሻው ይጠብቁ። ሌላውን ለምልልስ ያውሉት፤ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ተከትለው ንግግሩን ብቻ ያንብቡ፤ ቀድሞ ከሞሉት የአጠራር ወረቀት ጋርም ያመሳክሩ።

ትሮሎፕ ግብፅ ሳለ አንድ ልብ ወለድ በጨረሰ ማግስት ሌላ ጀመረ። በሐሳቡ የሚጠብቁት ሰዎች ስለነበሩ ይህ ለእርሱ ይቻል ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉን የጨረሰ ሰው ግን ሰዓቱን ሳይለቅ፣ በዚያው ሰዓት ረቂቁን አስቀምጦ በእግር ይሂድ ወይም ያንብብ፤ አዳዲሶቹ ሰዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚጠራሩ ሲያውቅ መዝገቡን እንደገና ይክፈት።