ተማሪው ሳቀ፤ ግን ምን ተማረ? በክፍል ውስጥ የፈጠራ ሥራዎች ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሒሳብ የማስተምረው ከአራት ኪሎ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ነው። ሰው ከመውቀሴ በፊት ከራሴ ልጀምር።

ሥራውን አስቀድሞ አለመሞከር

የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ምስስል ጎነ ሦስቶችን (መጠናቸው ቢለያይም ቅርጻቸው አንድ የሆኑትን) በተግባር እንዲያዩ፣ የሰንደቅ ዓላማውን ምሰሶ ቁመት በጥላው ለማስለካት ይዣቸው ወጣሁ። ወሩ ሚያዝያ፣ ሳምንቱ የመጀመሪያው፣ ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነበር። የ1 ሜትሩን ዘንግ አቆምነው። ጥላው ግን እግሩ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። 52 ልጆች የሚለካ ነገር አጥተው ያዩኛል። አንዷ «ቲቸር፣ ጥላው የት ሄደ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች፣ በሚያዝያ መጀመሪያና ወደ ነሐሴ ማብቂያ ቀትር ላይ ፀሐይ በአናታችን ትክክል ትቆማለች። የከተማችን ቀትር ደግሞ ልክ 6 ሰዓት ሳይሆን 6:25 አካባቢ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እወጣ ነበር። ያን ጊዜ የ1 ሜትሩ ዘንግ 1.20 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ የምሰሶው ጥላ 9.60 ሜትር ከሆነ ቁመቱ 8 ሜትር ነው። የልጅቷን ጥያቄ ለጂኦግራፊ መምህሩ ሰጠሁት፤ እሱ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማረበት። ስህተቴ የጠቀመው እሱን ነው።

ውጤቱ ከመጽሐፉ ሲለይ መደንገጥ

በሳይንስ ክፍል ውኃ ይፈላል፤ ቴርሞሜትሩ ግን 92 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ አልንቀሳቀስ ይላል። መጽሐፉ 100 ይላል። በዚህ ጊዜ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብሎ 100 ማስጻፍ የሚቀናው መምህር ጥቂት አይደለም። ከዚህ የባሰ ስህተት አላውቅም፤ ልጁ ከዓይኑ ይልቅ መጽሐፉን እንዲያምን ማስተማር ነውና። መሣሪያው ደህና ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ውኃውም ቀድሞ ይፈላል። ተማሪዎቹ «92» ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ «ባቄላ ድሬዳዋ ወይስ አዲስ አበባ ቶሎ ይበስላል?» ብላችሁ ወደ ቤት ስደዷቸው። እናቶች በዚህ ጥያቄ ላይ ከመምህራን የተሻለ ሐሳብ አላቸው።

ሥራውን ለወላጅ ኪስ ማሸከም

«ሞዴል ሠርታችሁ ኑ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የጽሕፈት መሣሪያ ሻጩ ነው፤ ገንዘብ ያለው ልጅ 10 ከ10 ያገኛል። ከስኒ እስከ ምጣድ ክብ ነገር የሌለበት ቤት የለም። እያንዳንዱ ልጅ የሦስት ክብ ዕቃዎችን ዙሪያ በክር ለክቶ ለወርዳቸው ያካፍል። ሁሉም ከ3 ትንሽ የሚበልጥ ቁጥር ይዘው ሲመጡ የሚሆነውን ፊታቸው ላይ ታያላችሁ።

ሁሉም ቡድን ያቅርብ ማለት

60 ተማሪዎችን በአምስት አምስት ብትከፍሉ 12 ቡድን ይሆናል። እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢናገር 36 ደቂቃ፤ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አለቀ። ከአራተኛው ቡድን በኋላም የሚያዳምጥ የለም። ሥራው ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ልጆቹ እየዞሩ ያንብቡ፤ አቅራቢውን በዕጣ ምረጡ። ዕጣው በማን ላይ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ስሙን ብቻ ጽፎ የሚቀመጠው ልጅም ይነቃል።

ከውጭ የመጣ ጨዋታ ብቻ መፈለግ

እንቆቅልሽ እያለን ለክለሳ የምናወርደው ጨዋታ ይገርመኛል። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ»፤ መልሱ የጠፋው አገር ይሰጣል። በጂኦግራፊ ክፍል አገር የሚሰጠው ከነዋና ከተማው ነው ብላችሁ ደንብ ጨምሩ። ገበጣም ለመቁጠርና አስቀድሞ ለማሰብ ጥሩ ነው። ለታሪክና ለሥነ ዜጋ ክርክር «በላ ልበልሃ» አለ፤ ተከራካሪው ቆሞ ማስረጃውን ይጠራል፣ ዳኛውም ተማሪ ይሆናል።

ጥያቄ ሳይይዙ ሙዚየም መሄድ

ብሔራዊ ሙዚየም ለእኛ በእግር የሚደረስ ነው። ሆኖም ልጆቹ ጽሑፉን ከግድግዳ ወደ ደብተር ገልብጠው ይመለሳሉ። ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት ክፍሉ ግድግዳ ላይ በጠመኔ 1 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ላይ መስመር አስምሩ፤ የድንቅነሽ ቁመት ይህን ያህል ነው ተብሎ ይገመታል። የ4ኛ ክፍል ልጆች አጠገቡ እየቆሙ ይበልጧታል፤ ያን ቀን ማንም ዝም አይልም። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ስጡ፦ ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር በምን ታወቀ? በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘውን አጽም ቅጂ ፊት ቆመው ጉልበቷንና ዳሌዋን ሲፈልጉ፣ «አትንኩ፣ ተሰለፉ» እያሉ መጮህ አያስፈልጋችሁም።