የሀገር ሐዘን ሲመጣ ለቅሶ እንዴት ይደረሳል?

የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ጋ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቅዳሜ ማታ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ሲናድ ረጲ ያለውን ቤቴን መጀመሪያ ያንኳኳው ጥሩንባ ነፊያችን ነበር። «ስንት ድንኳን አለን?» አለኝ። አንድ። ከ110 በላይ ሰው ላለቀበት ለቅሶ አንድ ድንኳን። ያኔ አጥፍተን የተማርነውን እጽፋለሁ፤ ሌላ ሰፈር እንደኛ እንዳይደናበር።

መጀመሪያ ደብተሩን ዝጉት። አባል ነው አይደለም፣ ወርሃዊውን ከፍሏል አልከፈለም የሚባል ነገር የለም። እኛ የደረስንባቸው አብዛኞቹ ተከራዮች ነበሩ፣ እድር የሚባል የላቸውም። አንድ ሽማግሌያችን «ደንቡስ?» ቢሉ ዳኛችን «ደንቡን ነገ እናነበዋለን፣ ዛሬ ወንበር ያንሱ» አሏቸው።

አስከሬን ሳይወጣ «ነፍስ ይማር» አትበሉ። ቁፋሮው ቀናት ፈጅቷል፤ ልጇ ከሥር ያለ እናት እዚያው አፈር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አንዷ ጎረቤቴ አቅፋት «እግዜር ያጥናሽ» ብትላት ቀና ብላ «ማን ሞተና?» አለቻት። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በዚያ ሰዓት ውኃ ስጡ፣ ፀሐይ ከልሉ፣ አጠገቧ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ቁርጡ ሲታወቅ መርዶው እንደ ወጉ ይነገር፦ በማለዳ፣ የቅርብ ዘመድና ሁለት ሽማግሌ ባሉበት፣ የሚደግፋት ሰው ከጎኗ ቆሞ። በስልክ አይሆንም። ፎቶ ደግሞ በጭራሽ! ፌስቡክ ላይ የወንድሙን ጫማ አይቶ የተረዳ ልጅ አውቃለሁ።

ለምግቡ ብዙ አትጨነቁ። ያኔ ዐቢይ ጾም ስለነበር ንፍሮ፣ ዳቦና ሽሮ በዘይት በቂ ነበር። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ስንሄድ ግን የእነሱን ሴቶች አስቀድመን እንጠይቃለን፤ ወጉን እነሱ ያውቁታል፣ እኛ ወጥ ቤት ገብተን እንታዘዛለን። ገንዘብ ከሆነ ሁለት ሰው ባለበት ቆጥራችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ሲመሽ በየቤቱ አድርሱ። አንድ መሥሪያ ቤት ብርድ ልብስ አምጥቶ ሐዘንተኞቹን ለካሜራ አሰለፋቸው፤ አንዷ ብርድ ልብሱን ጥላው ሄደች። እኔም ብሆን እጥለው ነበር።

አሁን ወደ ቆፋሪዎቹ ልምጣ፤ ሰው የሚረሳው እነሱን ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ የቀይ መስቀሉ ልጅ፣ ዶማ ይዞ የሮጠው የሰፈር ጎረምሳ። ንፍሮ ይዤ አንዱን የኤክስካቫተር ሹፌር ጠራሁት። እጁን አየና «እትዬ፣ በዚህ እጅ አልበላም» አለ። ሳሙናው ሽታውን አላስለቀቀም። ሎሚ ቆርጬ እስከ ክንዱ አሸሁት፣ አሁንም እምቢ አለ። አጎረስኩት። ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጥ «ማሽኑ እኮ ጥርስ አለው እትዬ፤ አንዱን ነክቼው ይሆን?» አለኝ። ከኋላችን አንድ ሰው «ጀግና!» እያለ ትከሻውን ይመታዋል። ልጁ አንገቱን ደፋ።

ስለዚህ «ጀግና» የሚለውን ለመድረክ ተዉት። «ተኛህ ወይ? ቤት ማን አለ?» በሉት። ከዚያም ቤቱ ሂዱ፤ እሱም ሐዘንተኛ ነውና ለቅሶ ይደረስለት። እኛ በሳምንቱ አምስት ሆነን ቡናና ስኳር ይዘን ሄድን። ጥፋታችን ነጠላችንን እንደ ለቅሶ ዘቅዝቀን መሄዳችን ነበር፤ ሚስቱ በሩን ከፍታ ስታየን «ምን ሆነብኝ!» ብላ ጮኸች። እናንተ ነጠላችሁን አስተካክላችሁ ግቡ። ቡናው እስከ በረካ ይጠጣ፤ ሰውየው ማውራት ከጀመረ አታቋርጡት፣ ካላወራም ስለ ዝናብም ቢሆን አውሩ።

ምክር ቤቱ የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አውጆ ነበር፣ ሰንደቅ ዓላማም ዝቅ ብሎ ተውለበለበ። ጥሩ ነው። የቤተሰቡ ሐዘን ግን ድንኳኑ ሲነሳ ይብሳል። 12ኛውን፣ 40ኛውን፣ 80ኛውን፣ ሙት ዓመቱን ደብተር ላይ ጽፋችሁ ተራ ተከፋፈሉ። የእኛ ቀን አይረሳም፦ መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰው ይዞ የወደቀው አውሮፕላን ሙት ዓመት በዋዜማው ነው። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ጧፍ አበራላቸዋለሁ።

በ2010 ሁለተኛ ድንኳን ገዛን። ዕቃ ቤቱ ውስጥ አሁን ከብረት ድስቶቹ አጠገብ አራት ጀሪካን፣ ሳሙና፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አለ፤ ሎሚው ጓሮዬ ነው። ቁልፉንም አስቀረጽኩ። አንዱ ጥሩንባ ነፊው ጋ ነው።