ታሪኩ ወደ ስብከት ሲቀየር፦ ድሬዳዋ ላይ የሠራው መላ

የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በቃል መተረክ የሚማሩት ሠልጣኞች ማርቆስ 4፥35-41ን (ኢየሱስ ማዕበሉን ጸጥ ያደረገበትን ታሪክ) መተረክ ይጀምሩና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይሄዱ ስብከት ውስጥ ይገባሉ። ከወረቀት ስላጠኑት ነው፤ ቃል ሲጠፋባቸው ክፍተቱን በምክር ይሞሉታል።

መላው፦ ወረቀትም ስልክም ይቀመጥ። አሠልጣኙ 3 ጊዜ ይተርካል፤ ሠልጣኞቹ ያለ ድምፅ በእንቅስቃሴ ይሠሩታል፤ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይተራረካሉ። አንድ ሰው መጽሐፉን ከፍቶ የተጨመረውንና የቀረውን ብቻ ይናገር፤ አነጋገር አይታረም (ይሄ ነው ሰውን የሚያስፈራው)።

ቤቱ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚተርክ ሰው እዚያው ሥልጠናው ላይ በዚያ ቋንቋ ይለማመድ፤ ለቤት ከተተወ ይቀራል።

«ማዕበል» ሲባል ደግሞ እዚህ ሰው የሚታየው ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ፣ የ1998ቱ ጎርፍ ነው። ሐይቅ ላይ የተነሣ ነፋስ መሆኑ ከትረካው በፊት ይነገር፤ ታሪኩ ውስጥ ግን አይግባ።