ካንሰር ያልሆነ የጭንቅላት እጢ፦ መቼ እንጠርጥር፣ ከኦፕራሲዮን በፊትና በኋላስ ምን እናርግ

"ካንሰር አይደለም" ሲባል ብዙ ሰው እፎይ ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ቤቱ ይቀመጣል፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የራስ ቅል አጥንት ስለሆነ አይለጠጥም፣ እጢው ካንሰር ባይሆንም ቀስ እያለ ባደገ ቁጥር አንጎልን ይጫናል። የማወራው በብዛት ስለሚታየው ሜኒንጂዮማ ነው፣ ከአንጎል ሽፋን የሚነሳና ሴቶች ላይ የሚበዛው።

ራስ ምታት ሁሉ እጢ አይደለም፣ አብዛኛው አይደለም። ግን ጠዋት ስትነሱ የሚብስ፣ የሚያስመልስና ከለመዳችሁት የተለየ ሆኖ እየጨመረ ከሄደ ተመርመሩ። ትልቅ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሎት ከተንቀጠቀጠ ደሞ በዛው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ጸበል ነው የሚኬደው፣ ጸበሉን አትተዉ፣ ግን የጭንቅላትን ውስጥ በምስል የሚያሳየውን ኤምአርአዩንም ይነሳ፣ የጀመረውን መድሃኒትም እንዳያቋርጥ። የአይን ብዥታ፣ ሽታ መጥፋት፣ ባንድ በኩል እጅ ወይ እግር መዛል አለ፣ ሰው ልብ የማይለው ግን የጸባይ ለውጥ ነው፣ ንቁ የነበረ ሰው ፈዞ ዝም ሲል ቤተሰብ ጭንቀት ነው ድብርት ነው እያለ ጊዜው ይሄዳል፣ ግንባር አካባቢ ያለ እጢ እንዲ ያረጋል።

የሶስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። በ2024 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ከአንድ አመት በላይ መውሰድ ከዚህ እጢ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የሚይዘው ሰው ጥቂት ስለሆነ ሳትማከሩ አታቁሙ።

ትንሽ ከሆነና ምልክት ከሌለው በየጊዜው ኤምአርአይ እየተነሱ መከታተል ይበቃል፣ ያ ችላ መባል አይደለም። ኦፕራሲዮን ከተባለ ኒውሮሰርጀኑን (የአንጎል ቀዶ ሐኪሙን) ሳታፍሩ ጠይቁት፦ ሙሉ በሙሉ ይወጣል ወይ፣ ትልቅ የደም ስር ወይ የአይን ነርቭ ነክቷል ወይ፣ የሚቀር ካለ ጨረር ያስፈልገዋል ወይ። ውጤቱን በብዛት የሚወስነው ቦታው ነው። ከላይ በኩል ያለው ለማውጣት ይቀላል፣ ከስር ከራስ ቅሉ ወለል ላይ ያለው ይከብዳል፣ እዛ ላይ ሐኪሙ ትንሽ ቢተው ነርቩን ለማዳን ብሎ ነው። ደም የሚሰጡ ዘመዶችም ቀድማችሁ አዘጋጁ።

ከወጣ በኋላ አይንና ፊት ቢያብጥ አትደንግጡ፣ ይጎድላል። ድካሙ ግን ወራት ሊቆይ ይችላልና በሽተኛውን ተነስ ስራ ግባ አትበሉት። ራስ ምታቱና መዛሉ ብዙ ሰው ላይ ይሻሻላል፣ ለረጅም ጊዜ የተጫነ አይን ግን ላይመለስ ይችላል፣ ቶሎ ሂዱ የምለው ለዚህ ነው። ዴክሳሜታዞን የሚባለውን የአንጎል እብጠት መቀነሻ መድሃኒት የሚወስድ ሰው ተሻለኝ ብሎ በራሱ እንዳያቆም፣ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ትኩሳት፣ ከቁስሉ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ፣ የእንቅልፍ ብዛት፣ የባት ማበጥ ካያችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ።

የፓቶሎጂ (የወጣው እጢ በላቦራቶሪ የሚመረመርበትን) ውጤት ሳትቀበሉ አትቅሩ፣ የእጢው ደረጃ የሚታወቀው በሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ወጥቶም ከአመታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ይቀጥላል፣ የድሮውን ኤምአርአይ ሲዲ አትጣሉት፣ አዲሱ የሚነጻጸረው ከሱ ጋር ነው።