ጉልበቱን የቀየረ ሰው ጭኑ ሲሰበር፦ ቤተሰብ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ጉልበታቸውን በሰው ሰራሽ የቀየሩ እናቶችና አባቶች እየበዙ ነው። አንዳንዱ ባንኮክ ወይም ዴልሂ ሄዶ ያሠራል። ልጆቻቸው አሜሪካ ወስደው ያሳከሟቸውም አሉ። ለዓመታት በሕመም የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ ሲሄድ ማየት ደስ ይላል።

ነገሩ የሚከፋው ሲወድቁ ነው። ጉልበቱ ውስጥ ከገባው ሰው ሰራሽ ብረት ከፍ ብሎ ያለው የጭን አጥንት ይሰበራል። በሕክምና ጽሑፎች የሚጠቀሰው ቁጥር ጉልበታቸውን ከቀየሩት ከ0.3 እስከ 2.5 በመቶ የሚሆኑት ላይ ይደርሳል የሚል ነው። ትንሽ ይመስላል። የሚደርስባቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን፣ በተለይ ሴቶች ናቸው። ሕክምናውም እንደ ሌላው የእግር ስብራት አይደለም። ቤተሰብ የሚሳሳተውም ብዙ ጊዜ እንደ ሌላው ስብራት ስለሚያየው ነው።

ወጌሻ ቤት መውሰድ

ወጌሻ ያዳነው ክንድ በየሰፈሩ አለ፤ አልክድም። ይሄ ግን ሌላ ነው። የታችኛው የአጥንት ቁራጭ አጭርና የሳሳ ነው፤ የባት ጡንቻ ደግሞ ወደ ኋላ ይስበዋል። ከኋላው ለእግር ደም የሚያደርሰው ትልቁ የደም ሥር ያልፋል። ማሸትና መጎተት እሱን ሊጎዳው ይችላል። ቆዳው ከቆሰለም ጀርም ወደ ብረቱ የሚደርስበት መንገድ ይከፈታል፤ ብረት ላይ የሰፈረ ኢንፌክሽን ደግሞ በመድኃኒት ብቻ አይለቅም። እግሩን በትራስ ደግፋችሁ፣ ሳታነቃንቁ ሆስፒታል አድርሱ። እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከደነዘዘ እዚያው በር ላይ ተናገሩ።

«ጀሶ ይበቃታል» ማለት

አጥንቱ ቦታውን ካልለቀቀ፣ ወይም ታማሚዋ ቀዶ ሕክምና ፈጽሞ የማይችሉ ከሆነ ሐኪሙ ራሱ ይህን ሊመርጥ ይችላል። ከዚያ ውጪ ሳምንታት አልጋ ላይ መተኛት ማለት የአልጋ ቁስል፣ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የማይታጠፍ ጉልበት ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ወረቀት መጣል

ከሁሉም ይሄ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም በቀላሉ የሚቀር ስህተት ነው። ጉልበት ሲቀየር የእያንዳንዱ ብረት ስም፣ መጠንና ቁጥር ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ፋይሉ ላይ ይለጠፋል። ብዙ ቦታ ለታማሚውም ካርድ ይሰጣል። ቤት ሲደርስ ከሻንጣው ጋር ጓዳ ይገባል፤ ከዚያ ማን ያገኘዋል?

ወረቀቱ ለምን ያስፈልጋል? ስብራቱን ለመጠገን ከሚያገለግሉት አንዱ ናይል የሚባለው ረጅም ብረት ነው። ከጉልበት ይገባና በአጥንቱ ውስጥ ወደ ላይ ያልፋል። ለማለፍ ግን የጉልበቱ ብረት መሃሉ ክፍት መሆን አለበት። ክፍት የሆነ ሞዴል አለ። ድፍን የሆነ አለ። ክፍት ሆኖ ቀዳዳው የሚጠብም አለ። በራጅ ይህን መለየት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ወረቀቱ ከሌለ ሐኪሙ እውነቱን የሚያውቀው ጉልበቱን ከፍቶ ሊሆን ይችላል። አንዱ የጉልበቱ ክፍል ብቻ መቀየር ካለበትም የሚገጥመውን ዕቃ ለማዘዝ ሞዴሉ መታወቅ አለበት።

ወላጆቻችሁ ጉልበት ቀይረው ከሆነ ዛሬ ወረቀቱን ፎቶ አንሡና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ከጠፋም ቀዶ ሕክምናው ወደተሠራበት ሆስፒታል በኢሜይል ጻፉ።

ከመውደቃቸው በፊት የነበረውን ሕመም አለመናገር

«ድሮም ትንሽ ያማት ነበር» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ሕክምናውን ልትቀይረው ትችላለች። ሲነሡ ወይም ሲራመዱ ያማቸው ከነበረ ብረቱ ከስብራቱ በፊት ላልቶ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ ያብጥ፣ ይሞቅ ወይም ፈሳሽ ያወጣ ከነበረ ደግሞ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል፤ ሐኪሙም በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ ሊመረምር ይችላል። የጉልበቱ ብረት ላልቶ እያለ ስብራቱን በፕሌት፣ ማለትም ከአጥንቱ ጎን በብሎን በሚታሠር ጠፍጣፋ ብረት፣ ማሠር ድካም ብቻ ነው።

«ለጎረቤቴ ልጅ የገባለት ብረት ይግባላት»

በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች ለጭን ስብራት ሳይን የሚባለውን ናይል ይጠቀማሉ፤ ብዙ ወጣት በሱ ድኗል። ግን በመኪና አደጋ የተሰበረ የ25 ዓመት ልጅና ጉልበታቸው ውስጥ ብረት ያለ የ75 ዓመት እናት አንድ አይደሉም። የብረቱን ዓይነት ከመምረጥ ይልቅ ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ። የጉልበቱ ብረት ጠብቋል ወይስ ላልቷል? ከብረቱ በላይ የቀረው አጥንት ብሎን ይይዛል ወይ?

ብረቱ ከጠበቀና አጥንቱ ከያዘ ምርጫው ፕሌት፣ ናይል፣ አንዳንዴም ሁለቱ አብረው ነው። ብረቱ ከላላ ወይም አጥንቱ ከደቀቀ ጉልበቱንና የጭኑን ታችኛ ክፍል በሙሉ በትልቅ ሰው ሰራሽ መተካት ሊመጣ ይችላል። ይህ ታማሚዋን በቶሎ ያቆማቸዋል። ግን ውድ ነው፣ የሚሠራበት ቦታም ጥቂት ነው። ኢንፌክሽን ከገባበት ደግሞ የሚቀረው አማራጭ ጠባብ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ራጁን እያዩ «ፕሌቱ ላይ ብሎን ያልገባበት ቀዳዳ አለ፣ ሐኪሙ ቸኩሏል» የሚሉ ዘመዶች አሉ። ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ሁሉም ቀዳዳ በብሎን ከተሞላ ፕሌቱ ከመጠን በላይ ግትር ይሆናል፤ አጥንት እንዲገጥም ደግሞ ትንሽ መነቃነቅ ይፈልጋል። ፕሌቱ ለምን ረዘመ የሚሉም አሉ። ዳሌያቸውም ላይ ብረት ካለ በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚቀረው ባዶ አጥንት ቀጥሎ የሚሰበረው ቦታ ነው። ስለዚህ ፕሌቱ እዚያ ድረስ ሄዶ ይደርበዋል።

ልጆች ከውጭ እስኪመጡ መጠበቅ

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ልጅ እስኪደርስ ሦስት አራት ቀን ይባክናል። ብዙ ሆስፒታሎች ይህንን ስብራት እንደ ዳሌ ስብራት ቆጥረው፣ ታማሚው ከተረጋጋ ከ48 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ለመሥራት ይሞክራሉ። ስልክ አለ፤ በቪዲዮ ተማከሩ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። ደም ማቅጠኛ ካለበት መጀመሪያ ንገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማስተኛትና ማስጾም

«አይንኩብኝ፣ ትረፍ» በፍቅር የሚባል ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ስንት ኪሎ ሸክም እግሩ ላይ እንደሚፈቀድ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ። በትልቅ ሰው ሰራሽ የተተካላቸው አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይረግጣሉ፤ ፕሌት የገባላቸው ለሳምንታት በከፊል ብቻ ሊሆን ይችላል። መርገጥ ባይፈቀድም አልጋ ላይ መቀመጥ፣ ቁርጭምጭሚት ማንቀሳቀስና ጉልበት ማጠፍ በፊዚዮቴራፒስቱ ምክር ይጀመራል።

ምግቡም አለ። ጾም ላይ ከሆኑ ሰውነቱ አጥንት የሚሠራበት ፕሮቲንና ካልሲየም ያንሰዋል። ለታመመ ሰው የንስሐ አባት ሊፈቅዱ ይችላሉ፤ አነጋግሯቸው። የአጥንት መሳሳት ምርመራና መድኃኒት፣ ቫይታሚን ዲም ጭምር፣ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት አንሡት። ብዙ ጊዜ ማንም አያነሣውም።

በሦስተኛና በአራተኛ ወር ላይ እየተሻለ የነበረ ጭን እንደገና ማመም ከጀመረ በማስታገሻ አትሸፍኑት። አጥንቱ ሳይገጥም ፕሌቱ ብቻውን እየተሸከመ ሊሆን ይችላል፤ ብረትም ይደክማል፣ ይሰበራል። ወደሠራው ሐኪም ሄዳችሁ ራጅ አስነሡ።