ናይትሪክ ኦክሳይድና የትልልቅ ደም ቧንቧዎች መለጠጥ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ናይትሪክ ኦክሳይድ የደነደነ ደም ቧንቧን ያለሰልሳል እየተባለ በስሙ ዱቄቱም እንክብሉም ይቸበቸባል። ቲክቶክ ላይማ አይጠየቅም። ናይትሪክ ኦክሳይድ ተረት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ግን እውነት አለው፤ ስህተቱም የሚመጣው ያችን እውነት ከልኳ በላይ ከመለጠጥ ነው።

ከሌላ ጋዝ ጋር ማምታታት

ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሕመም ለማስታገስ የሚሰጠው «የሚያስቅ ጋዝ» ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ሌላ ነገር ነው። የእኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ አንድ ናይትሮጅንና አንድ ኦክስጅን ብቻ ያለው ጋዝ ሲሆን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል፤ በሰከንዶች ውስጥም ይጠፋል። ስለዚህ በእንክብል ታሽጎ አይሸጥም። የሚሸጠው ለመሥሪያ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ነው።

የውስጠኛውን ሽፋን መርሳት

ጋዙን የሚሠራው የቧንቧውን ውስጥ የሚሸፍነው አንድ ረድፍ ሴል ነው፤ ኢንዶቴሊየም ይባላል። ይህ የተደረሰበት በአጋጣሚ ነው። ሮበርት ፈርችጎት ብሩክሊን ውስጥ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ የጥንቸል አኦርታ (ከልብ የሚነሳው ትልቁ ደም ቧንቧ) እየተቆረጠ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይጨመርበት ነበር። እንደ ሪባን በቀጭኑ የተቆረጠው ይኮማተራል። እንደ ቀለበት የተቆረጠው ደግሞ ይፍታታል። ያው ቧንቧ፣ ያው ኬሚካል፣ ተቃራኒ ውጤት! ሲጣራ፣ ሪባኑ በሚዘጋጅበት ጊዜ የውስጡ ሽፋን ሳይታወቅ እየተፋቀ ይነሳ ኖሯል። ሽፋኑ ከሌለ መፍታታት የለም። ይህ በ1980 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሽፋኑ የሚልከው መልእክተኛ ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑ በ1987 ታወቀ። በ1998 ፈርችጎት ከሉዊስ ኢግናሮና ከፈሪድ ሙራድ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ሲጋራ፣ ስኳርና ደም ግፊት ቀድመው የሚያጠቁት ይህንኑ ሽፋን ነው። እያጨሱ ዱቄት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጡንቻውንና ላስቲኩን አንድ አድርጎ ማየት

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ልብ ደም ስትረጭ አኦርታ ይለጠጣል፤ ከደሙ የተወሰነውን ይይዛል። ልብ ስታርፍ ይመለስና የያዘውን ወደፊት ይገፋል። ለዚህ የሚያበቃው ኢላስቲን የተባለ ክር ነው። ይህ ክር በብዛት የሚሠራው ከመወለዳችን በፊትና በልጅነታችን ነው፤ ከዚያ በኋላ እምብዛም አይተካም። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል እየመታች ዕድሜ ሲገፋ ክሩ እንደ አሮጌ የሱሪ ላስቲክ ይበጣጠሳል። ጭነቱን ኮላጅን የተባለው ግትር ክር ይረከባል፤ ካልሲየምም ይለጠፍበታል።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ይህን ክር አይቀጥለውም። የሚሠራው ግድግዳው ውስጥ ባለው ጡንቻ ላይ ነው። ወደ ጡንቻው ሴል ይገባል፣ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ይበዛል፣ የሴሉ ካልሲየም ይቀንሳል፣ ጡንቻው ይፍታታል። እንደ ክንድና ጭን ባሉ ጡንቻ በሚበዛባቸው ቧንቧዎች ላይ ለውጡ ጎልቶ ይታያል። ኢላስቲን በሚበዛበት አኦርታ ላይ ግን ድርሻው ያንሳል። እንግዲህ «አኦርታዬን እንደ ልጅነቴ ያደርግልኛል» ብሎ መጠበቅ አይሆንም። ጤነኛ ሽፋን ግን ቧንቧውን እንዳይወፍርና እንዳይቆጣ ስለሚጠብቀው የወደፊቱን ድድርና ያዘገያል። እኔ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ግፊት ሲወርድ ቧንቧው ለሰለሰ ማለት

የትኛውም ቧንቧ ግፊቱ ሲቀንስ በቀላሉ ይለጠጣል፤ ግድግዳው ባይለወጥም። ሐኪሞች ድድርናውን የሚለኩት የልብ ምት ሞገድ ከአንገት እስከ ብሽሽት በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ በማየት ነው። በሰከንድ ከ10 ሜትር ካለፈ ቧንቧው ደንድኗል ይባላል። ይህ መሣሪያ በየክሊኒኩ የለም። ቤት ውስጥ ግን አንድ ፍንጭ አለ። ንባቡ 165/70 ሲሆን «የታችኛው ጥሩ ነው» ብለው አይጽናኑ። በተለይ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች፣ የላይኛውና የታችኛው እንዲህ መራራቃቸው የአኦርታ መደንደን ምልክት ሊሆን ይችላል።

አርጂኒን መዋጥ

ሰውነት ጋዙን የሚሠራው አርጂኒን ከተባለ የፕሮቲን መሥሪያ ንጥረ ነገር ነው። «ታዲያ አርጂኒን ብጨምርስ?» የሚለው ሐሳብ ደስ ይላል፤ ግን ተሞክሯል። አሜሪካ ውስጥ ልብ ድካም ሳይሆን የልብ ጥቃት ለደረሰባቸው 153 ሰዎች፣ ለገሚሶቹ አርጂኒን፣ ለቀሪዎቹ ባዶ እንክብል ተሰጠ። በ2006 ይፋ በሆነው ውጤት የቧንቧቸው ድድርና አልተሻሻለም። ይባስ ብሎ አርጂኒን ከወሰዱት 6 ሰዎች ሞቱ፤ ከሌላው ወገን አንድም። ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ። ፈጠን ብሎ መራመድ ግን የደሙን ፍሰት ጨምሮ ሽፋኑን ያነቃቃል፤ ጋዙን ራሱ እንዲያመርት።

ቀይ ስሩን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት

ቀይ ስር፣ ቆስጣና ሰላጣ ሰውነት ደረጃ በደረጃ ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚለውጠው ናይትሬት አላቸው። የጾም በያይነቱ ላይ አይጠፉም። ናይትሬት ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ቀቅለው ሲደፉት ጥቂት የማይባለው አብሮ ይሄዳል። ድስቱ ውስጥ የቀረው ቀይ ውሃ አይጣል። ሌላም አለ፦ ናይትሬትን ወደ ናይትራይት የሚቀይሩት ምላስ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጀርም ገዳይ የአፍ መጉመጥመጫ ጠዋት ማታ የሚጠቀም ሰው እነሱንም ያጠፋቸዋል። ደግሞ የቀይ ስር ጭማቂ ጀመርኩ ብለው የግፊት መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ።

ናይትሮግሊሰሪንን ከቪያግራ ጋር መውሰድ

ይህኛው ይገድላል። ለልብ ሕመም የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃል፤ ቪያግራ ደግሞ ያንኑ ሳይክሊክ ጂኤምፒ እንዳይፈርስ ያደርጋል። ሁለቱ ሲገናኙ ግፊት ቁልቁል ይወርዳል። ቪያግራ ከተወሰደ 24 ሰዓት፣ የቪያግራ ዓይነቱ ታዳላፊል ከሆነ ደግሞ 48 ሰዓት ሳያልፍ ናይትሮግሊሰሪን አይሰጥም። ደረትዎን አሞዎት ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ ሐኪሙ ቪያግራ ወይም ታዳላፊል ወስደው እንደሆነ ይጠይቅዎታል። ልጆችዎ አጠገብዎ ቆመው ካፈሩ «እስቲ አንዴ ውጡ» ይበሏቸውና እውነቱን ይንገሩት።